ከመለኪያዋ ጀርባ ያለው ሰው፦ የስቫንቴ አርሄኒየስ ሕይወት

ያለ አፈር፣ በውሃ ብቻ ተክል የሚያሳድግ ሰው ዘንድ ብትሄዱ አንዲት እስክሪብቶ የምታህል መለኪያ አታጡም። ሰውየው ሚኒያፖሊስ ውስጥ ምድር ቤቱ ላይ በሶብላ የሚያበቅል ሊሆን ይችላል። ዱባይ ዳርቻ በትልቅ ግሪንሃውስ ሰላጣ የሚያመርት፣ ወይም ዝዋይ አካባቢ ለጽጌረዳ የማዳበሪያ ውሃ የሚያዘጋጅ ባለሙያም ሊሆን ይችላል። ሥራው ግን አንድ ነው። የመለኪያዋን ጫፍ ውሃው ውስጥ ይነክርና ቁጥር ያነባል። 1.2 ካየ ለሰላጣ በቂ ነው ይላል። 2.5 ካየ ለቲማቲም ይሁን ይላል። 4 ካየ ደግሞ ደንገጥ ብሎ ንጹህ ውሃ ይጨምራል።

ይህ ቁጥር ኢሲ ይባላል። ውሃው ኤሌክትሪክ ለማስተላለፍ ያለውን አቅም የሚናገር ሲሆን መስፈሪያው ሚሊሲመንስ በሴንቲሜትር ነው። እዚህ ላይ ግን አንድ ጥያቄ አለ። እኛ ማወቅ የፈለግነው ውሃው ውስጥ ምን ያህል የተክል ምግብ እንዳለ ነው። መለኪያዋ ደግሞ የምትነግረን ኮረንቲ በውሃው ውስጥ ምን ያህል በቀላሉ እንደሚያልፍ ነው። ናይትሮጂን አታይም፣ ፖታሲየም አታይም፣ ካልሲየምን ከማግኒዚየም አትለይም። ታዲያ ኮረንቲንና የተክል ምግብን ምን አገናኛቸው?

መልሱ የሚጀምረው አንድ የ25 ዓመት ስዊድናዊ በ1884 ለዶክትሬት ካቀረበው ጽሑፍ ነው (ዓመተ ምሕረቱ ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ ነው)። ያ ጽሑፍ ከመውደቅ የተረፈው ለጥቂት ነበር። ተመራማሪው ስቫንቴ አርሄኒየስ ይባላል። ቴሲሱን ይዞ በፕሮፌሰሮች ፊት ቆሞ የሚያውቅ ሰው ታሪኩ አይጠፋውም ብዬ አምናለሁ። ከዚያ በኋላ ያለው ታሪክ ግን እንደ ጅማሬው ደስ የሚያሰኝ ብቻ አይደለም።

አርሄኒየስ የተወለደው የካቲት 1859 ነው፤ ቦታው ከኡፕሳላ ከተማ ብዙ በማይርቅ ቪክ በሚባል ርስት ላይ። አባቱ መሬት ቀያሽ ነበር፤ ርስቱንም ያስተዳድር ነበር። በዓመቱ ቤተሰቡ ወደ ኡፕሳላ ገባ። ልጁ በሦስት ዓመቱ ማንም ሳያስተምረው ማንበብ ቻለ፤ ወላጆቹ እንኳ ይህን ያህል መቸኮሉን አልወደዱትም። መደመርና ማባዛትንም የለመደው አባቱ የሒሳብ መዝገብ ላይ ቁጥር ሲጽፍ እያየ ነው። በ1876 ከትምህርት ቤት ሲጨርስ ከክፍሉ በዕድሜ ትንሹ፣ በትምህርት ደግሞ ከሁሉም ቀዳሚው ነበር። ዩኒቨርሲቲውም እዚያው ሰፈሩ ነው። ኡፕሳላ ከስካንዲኔቪያ ዩኒቨርሲቲዎች ሁሉ ቀድሞ የተመሠረተ፣ የተከበረ፣ ክብሩንም ጠንቅቆ የሚያውቅ ተቋም ነው።

እዚያ ግን ልጁ አልተመቸውም። የፊዚክሱ ፕሮፌሰር ቶቢያስ ታሌን ነበር፤ የኬሚስትሪው ፔር ቴዎዶር ክሌቬ። አርሄኒየስ ከሁለቱም የሚፈልገውን አላገኘም። በ1881 ኡፕሳላን ትቶ ስቶክሆልም ሄደና በሳይንስ አካዳሚው ውስጥ ኤሪክ ኤድሉንድ የሚባል የፊዚክስ ሊቅ ዘንድ መሥራት ጀመረ። የያዘው ርዕስ ላይ ላዩን ሲታይ አሰልቺ ነው። ጨውንና አሲድን ውሃ ውስጥ ያሟሟል፣ ውሃ እየጨመረ ያቀጥነዋል፣ በየደረጃው ኮረንቲ የማስተላለፍ አቅሙን ይለካል። ይህ እንግዲህ ዛሬ በመለኪያችን የምንሠራው ሥራ ነው፤ እሱ ግን መለካት ብቻ ሳይሆን ምክንያቱን ፈለገ።

እንቆቅልሹ እንዲህ ነው። ንጹህ ውሃ ኮረንቲ አያስተላልፍም ማለት ይቻላል። ደረቅ ጨውም አያስተላልፍም። ሁለቱን ስትቀላቅሏቸው ግን ጥሩ አስተላላፊ ይሆናሉ። ኮረንቲ የሚሸከሙት ቻርጅ ያላቸው ቅንጣቶች እንደሆኑ ከፋራዴይ ጀምሮ ይታወቅ ነበር፤ አዮን የሚለውን ስም ያስለመደውም ፋራዴይ ነው። ነገር ግን በዘመኑ የነበረው እምነት አዮኖቹን የሚፈጥራቸው ኮረንቲው ራሱ ነው የሚል ነበር፤ ኮረንቲው ገብቶ ጨውን ይሰነጥቀዋል፣ ከዚያ ስንጥቆቹ ይሸከሙታል። አርሄኒየስ ልኬቶቹን ሲያይ ሌላ ነገር ታየው። ጨውን የከፈለው ኮረንቲው አይደለም፤ ኮረንቲ ሳይመጣ በፊትም ውሃው ውስጥ በመሟሟቱ ብቻ የተከፈለ አለ። ውሃ በተጨመረ ቁጥር ደግሞ የሚከፈለው ድርሻ እየበዛ ይሄዳል።

ሐሳቡ የመጣለት በግንቦት 1883 አንድ ሌሊት ነው፤ ቀኑን ሳይቀር ያስታውሰው ነበር፣ 17 ነው። ነገሩን ሁሉ እስኪጨርስ ድረስ እንቅልፍ በዓይኑ አልዞረም።

ጠዋት ወደ ሥራ ተመለሰ። በመጨረሻም 150 ገጽ የሚሆን ጽሑፍ በፈረንሳይኛ አዘጋጅቶ፣ 56 ነጥቦችን አስቀምጦ፣ ለዶክትሬት ወደ ኡፕሳላ አቀረበ። በዚያ ጽሑፍ ውስጥ ሐሳቡ ገና ሙሉ በሙሉ አልተገለጠም፤ ኮረንቲ የሚሸከሙትን ሞለኪውሎች ንቁ፣ የማይሸከሙትን ደግሞ ንቁ ያልሆኑ ብሎ ነው የከፈላቸው። መናገር የፈለገውን ከአለቆቹ ፍርሃት ጋር እያስታረቀ የጻፈ ይመስላል። የሚፈራበት ምክንያትም ነበረው። ከዚያ በፊት ለክሌቬ አዲስ ንድፈ ሐሳብ እንዳለው ሲነግረው፣ ክሌቬ በጣም ደስ የሚል ነው ብሎ በትህትና ደህና ዋል ብሎታል። የዚህ ዓይነት ትህትና ከስድብ ይብሳል።

ለክሌቬ ፍትሐዊ መሆን ግን ያስፈልጋል። ሰውየው ደካማ ሳይንቲስት አልነበረም፤ በ1879 ሆልሚየምንና ቱሊየምን፣ ሁለት አዳዲስ ንጥረ ነገሮችን፣ ያገኘ ትልቅ ኬሚስት ነው። የተቃወመውም በባዶ ሜዳ አይደለም። ሶዲየም የተባለው ብረት ውሃ ሲነካ ይፈነዳል። ክሎሪን መርዝ ነው። ታዲያ አንድ ልጅ ተነስቶ የጨው ውሃ ውስጥ ሶዲየምና ክሎሪን ተለያይተው በሰላም ይዋኛሉ ቢል፣ ማን ይቀበለዋል? ወጡ ውስጥ የገባ ጨው መርዝና ፈንጂ ሆኗል እንደማለት ነው። መልሱ ቻርጁ ላይ ነው፤ ቻርጅ ያለው የሶዲየም አዮንና ብረቱ ሶዲየም በጠባይ ፈጽሞ የተለያዩ ናቸው። ይህን ግን በ1884 ለማሳመን ቀላል አልነበረም፤ ኤሌክትሮን እንኳ ገና አልተገኘም።

ውጤቱ መጣ። በዘመኑ በላቲን ይሰጥ የነበረው ማዕረግ ወደ አማርኛ ሲመለስ ያለ ምስጋና አላለፈም እንደማለት ነው። ላይ ላዩን ምስጋና ይመስላል፤ በኡፕሳላ ቋንቋ ግን በሩን ዘጋንብህ ማለት ነበር። የመከላከያ ንግግሩ ትንሽ ከፍ ያለ ማዕረግ ቢያገኝም በዚያ ውጤት የዩኒቨርሲቲ መምህርነት አይገኝም። አንድ የ25 ዓመት ሰው ዕድሜውን ሙሉ በትምህርት አንደኛ ሆኖ ኖሮ፣ በዋናው ቀን ከመካከለኛ በታች ተባለ።

እዚህ ጋ አርሄኒየስ ያደረገው ነገር ዛሬም ቢሆን ምክር አይፈልግም። የጽሑፉን ቅጂ ለአውሮፓ ሊቃውንት በፖስታ ላከ። ቦን ለነበረው ክላውዚየስ፣ ቱቢንገን ለነበረው ሎታር ማየር፣ አምስተርዳም ለነበረው ቫንት ሆፍ፣ ሪጋ ለነበረው ቪልሄልም ኦስትቫልድ። ብዙዎቹ ያን ያህል አልተንቀሳቀሱም። ኦስትቫልድ ግን ሌላ ሆነ። ሰውየው ያን ጽሑፍ በተቀበለበት ቀን ጥርሱን ያመው ነበር፣ ሴት ልጅም ተወልዳለት ነበር፤ ሦስቱ በአንድ ቀን በዝተውበት ሌሊት እንደተቃዠ በኋላ አውርቷል። ለምን ጽሑፉ እንቅልፍ ነሳው? ኦስትቫልድ ለዓመታት የአሲዶችን ብርታት በሌላ መንገድ ሲለካ ቆይቷል። አርሄኒየስ ደግሞ የአሲዱን ብርታት ከኮረንቲ ማስተላለፍ አቅሙ ማወቅ ይቻላል ይላል። ኦስትቫልድ አሲዶቹን ለካቸው፤ ሁለቱ ቁጥሮች ገጠሙ።

በዚያው ክረምት፣ ነሐሴ ላይ፣ ኦስትቫልድ ባሕር ተሻግሮ ኡፕሳላ መጣ። ታዋቂ የውጭ ፕሮፌሰር፣ የወደቀ ተማሪ ሊጠይቅ! ኦስትቫልድ በትዝታው እንደጻፈው፣ ክሌቬ ውሃ የያዘ ብርጭቆ እያሳየ ሶዲየም እዚህ ውስጥ ይዋኛል ብለህ ታምናለህ ወይ ሲለው፣ እንግዳው አዎ አምናለሁ ብሎ መልሷል። ለአርሄኒየስም ሪጋ ውስጥ ሥራ አቀረበለት።

አልሄደም። አባቱ ታመው ነበር፤ በሚቀጥለው ዓመትም አረፉ። የውጭ ዕድል እጁ ገብቶ፣ አገር ቤት የታመመ ወላጅ አስቀርቶት ያለፈ ሰው በመካከላችን ጥቂት አይደለም፤ ሌላ ማብራሪያ አያሻውም። ግን የኦስትቫልድ መምጣት ብቻውን ሥራ ሠራ። የውጭ ሰው ሊወስደው እንደሆነ ሲሰማ ኡፕሳላ በዓመቱ መጨረሻ የዶሰንትነት ማዕረግ ሰጠው። በአንድ ዓመት ውስጥ የተለወጠ አንድም ልኬት የለም፤ የተለወጠው ያየው ሰው ነው።

ከአባቱ ሞት በኋላ ከሳይንስ አካዳሚው የጉዞ ድጋፍ አግኝቶ ወጣ። ሪጋ ከኦስትቫልድ ጋር ሠራ፤ ከዚያ ቩርዝቡርግ ወደ ፍሪድሪክ ኮልራውሽ ሄደ፤ ከዚያም ግራዝ ወደ ቦልትስማን፣ አምስተርዳም ወደ ቫንት ሆፍ። ከእነዚህ ሁሉ ለእኛ ርዕስ የምትበልጠው ቩርዝቡርግ ናት።

ኮልራውሽ የሙሙትን ኮረንቲ የማስተላለፍ አቅም መለካትን ሙያ ያደረገ ሰው ነው። ችግሩ ይህ ነበር፤ እንደ ባትሪ በአንድ አቅጣጫ የሚፈስ ኮረንቲ ውሃው ውስጥ ስትልኩ አዮኖቹ ዘንጎቹ ላይ ይከማቹና ልኬቱን ያበላሹታል። ኮልራውሽ አቅጣጫውን ቶሎ ቶሎ የሚቀያይር ኮረንቲ ተጠቀመ፤ ልኬቱ መመጣጠኑን የሚያውቀውም በስልክ ማዳመጫ ድምፁ ሲጠፋ እየሰማ ነበር። ዛሬ እጃችን ላይ ያለችው መለኪያ የዚያ ዘዴ ልጅ ናት፤ እሷም ኮረንቲውን ወዲያና ወዲህ እያገላበጠች ነው የምትልከው። አዲስ ስትገዟት በትንሽ ከረጢት የሚመጣው 1.413 የሚነበብበት የማስተካከያ ፈሳሽም የፖታሲየም ክሎራይድ ሙሙት ነው፤ የኮልራውሽ ዘመን ኬሚስቶች የሚያውቁት ጨው።

በዚያው ከተማ፣ በዚያው ዩኒቨርሲቲ፣ የዕፅዋት ሳይንስ ፕሮፌሰሩ ዩሊየስ ፎን ዛክስ ነበር። ዛክስ በ1860 ገደማ ተክል ያለ አፈር፣ ጨዋማ ንጥረ ምግቦች በተሟሙበት ውሃ ብቻ እንደሚያድግ ካሳዩት ሁለት ጀርመናውያን አንዱ ነው፤ ሌላው ቪልሄልም ክኖፕ ነው። ክኖፕ የተወው ቀመር ካልሲየም ናይትሬት፣ ፖታሲየም ናይትሬት፣ ፖታሲየም ፎስፌት፣ ማግኒዚየም ሰልፌትና ትንሽ ብረት ያለበት ነው። ዝርዝሩን ለተመለከተ ዋናዎቹ ሁሉ ጨው ናቸው። ውሃ ውስጥ ሲገቡ ሁሉም ወደ አዮን ይከፈላሉ፤ የተከፈለው ሁሉ ኮረንቲ ይሸከማል። እነሆ የመጀመሪያው ጥያቄያችን መልስ። የተክሉን ምግብ የሚያዘጋጀው ሳይንስና ምግቡን የሚለካው ሳይንስ አርሄኒየስ በነበረበት ጊዜ በአንዲት የጀርመን ከተማ ጎረቤታሞች ነበሩ። ሁለቱ በግሪንሃውስ ውስጥ እስኪገናኙ ግን ብዙ አሥርት ዓመታት አለፉ፤ ሃይድሮፖኒክስ የሚለው ስም ራሱ የተለመደው በ1937 በካሊፎርኒያው ዊልያም ጌሪኪ አማካይነት ነው። በዓመቱ ዴኒስ ሆግላንድና ዳንኤል አርነን እዚያው ካሊፎርኒያ ያሳተሙት ቀመር እስከ ዛሬ በየላቦራቶሪው ይዘጋጃል፤ ሙሉ ብርታቱ ላይ ኢሲው ወደ 2 ገደማ ነው።

አርሄኒየስ ሐሳቡን ያለ ፍርሃት የጻፈው በ1887 ነው። ቫንት ሆፍ የሙሙትን ኦስሞቲክ ግፊት ሲያጠና ስኳር ሕጉን ጠብቆ፣ ጨው ግን ከሚጠበቀው እጥፍ ገደማ ግፊት እያሳየ አስቸግሮት ነበር። አርሄኒየስ ምክንያቱን አየው። ስኳር ሲሟሟ አንዱ አንድ ሆኖ ይቀራል፤ ጨው አንዱ ሁለት ይሆናል። ቅንጣቶቹ እጥፍ ስለሆኑ ግፊቱም እጥፍ ነው። ኮረንቲ ለክቶ ያገኘውና ቫንት ሆፍ ግፊት ለክቶ ያገኘው ቁጥር ተስማማ።

ይህ ነገር ለገበሬው ወረቀት ላይ የሚቀር ንድፈ ሐሳብ አይደለም። ኢሲ ከፍ ሲል ተክሉ የሚጎዳው በዚሁ ምክንያት ነው። ሥሩ ውሃ የሚስበው በኦስሞሲስ ነው፤ ውጪ ያለው ውሃ በአዮን ሲጨናነቅ ሥሩ መሳብ ያቅተዋል። ተክሉ ውሃ ውስጥ ቆሞ ይጠማል፤ የቅጠሉ ጫፍ ይቃጠላል። ጀማሪዎች የሚሳሳቱበትም እዚህ ነው። በሞቃት ቀን ተክሉ ከምግቡ ይልቅ ውሃውን ቶሎ ይጠጣል፤ ጋኑ ይጎድላል፣ የቀረው ውሃ ግን ይወፍራል፣ ኢሲ ይጨምራል። ሰውየው የጎደለውን አይቶ ሌላ ሙሉ ብርታት ያለው ማዳበሪያ ይጨምርበታል። የተፈለገው ግን ንጹህ ውሃ ነበር። በተቃራኒው ኢሲ እየወረደ ከሄደ ተክሉ እየበላ ነው ማለት ነው፤ ያኔ ማዳበሪያ ይጨመራል።

የዚህ ቁጥር ድክመትም ከዚያው ከአርሄኒየስ ሐሳብ ይወጣል። የሚቆጠረው የተከፈለው ብቻ ነው። ዩሪያ ናይትሮጂን የሞላበት ማዳበሪያ ነው፤ ውሃ ውስጥ ሲሟሟ ግን እንደ ስኳር ነው፣ ወደ አዮን አይከፈልም። አንድ ማንኪያ ዩሪያ ብትጨምሩ መለኪያዋ ምንም አልገባም ትላለች ማለት ይቻላል። የገበታ ጨው ብትጨምሩ ደግሞ ቁጥሩ ይዘላል፤ ለተክሉ ግን ምግብ ሳይሆን መከራ ነው። የቧንቧ ውሃችሁ ካልሲየም የበዛበት ከሆነ ገና ማዳበሪያ ሳይገባ 0.5 ሊነበብ ይችላል። ውሃው ለሳምንታት ካልተቀየረ ደግሞ ተክሉ ናይትሬቱን በልቶ የማይፈልገውን ሶዲየም ይተወዋል፤ ቁጥሩ ያው 1.8 ነው፣ ውስጡ ግን ሌላ ሆኗል። ሙቀትም አለ፤ በየአንድ ዲግሪ ሴንቲግሬድ ቁጥሩ 2 በመቶ ገደማ ይቀየራል። ስለዚህ ጥሩ መለኪያ ውጤቱን ወደ 25 ዲግሪ አስልታ ነው የምትነግራችሁ።

ከኢንተርኔት መመሪያ እያነበቡ የሚሠሩትን ሁሉ ግራ የሚያጋባው ደግሞ ፒፒኤም የሚባለው ነው። አብዛኞቹ መለኪያዎች ፒፒኤም አይለኩም፤ ኢሲን ለክተው ያባዛሉ። አንዱ ኩባንያ በ500፣ ሌላው በ700 ያባዛል። ስለዚህ አንድ ዓይነት ውሃ፣ ኢሲው 2 የሆነ፣ በአንዷ መለኪያ 1000 በሌላዋ 1400 ይነበባል። የአሜሪካን መመሪያ ይዞ በሌላ መለኪያ የሚለካ ሰው ተክሉን አስርቦ ወይም አቃጥሎ ሊሆን ይችላል። እኔን ብትጠይቁኝ ፒፒኤሙን ትታችሁ ኢሲውን ብቻ አንብቡ።

ወደ ሰውየው ሕይወት እንመለስ። በ1889 ሙቀት ሲጨምር ኬሚካዊ ለውጥ ለምን እንደሚፈጥን የሚያሰላውን ቀመር አወጣ፤ የኬሚስትሪ ተማሪ የሆነ ሁሉ በስሙ ያውቀዋል። በ1891 ስቶክሆልም ባለው ኮሌጅ መምህር ሆነ፤ በ1895 ፕሮፌሰር ሲባል አሁንም የሚቃወሙት ነበሩ። በ1894 ተማሪውና ረዳቱ የነበረችውን ሶፊያ ሩድቤክን አገባ። ትዳሩ ሁለት ዓመት እንኳ በቅጡ አልዘለቀም፤ አንድ ወንድ ልጅ፣ ኦሎፍ፣ ተወልዶ ተለያዩ። በዚያ የብቸኝነት ወቅት ነው አርሄኒየስ በእጁ እያሰላ ሌላ ትልቅ ሥራ የሠራው፤ በአየር ውስጥ ያለው ካርቦን ዳይኦክሳይድ እጥፍ ቢሆን ምድር ከ5 እስከ 6 ዲግሪ እንደምትሞቅ በ1896 አሳተመ። የሚያሰጋ ነገር ግን አልመሰለውም። የሰሜን ሰው ነውና ሙቀቱን እንደ በረከት ነው ያየው፤ የሚመጣውም ከብዙ ዘመን በኋላ መስሎት ነበር።

በ1903 የኖቤል ሽልማት በኬሚስትሪ ተሰጠው፤ ከስዊድን የመጀመሪያው ሰው ነው። ሥራው ፊዚክስ ነው ወይስ ኬሚስትሪ በሚለው ኮሚቴዎቹ ተወዛግበው ከሁለቱም ሽልማት ግማሽ ግማሽ ይሰጠው እስከማለት ደርሰዋል። የኬሚስትሪ ኮሚቴው ሰብሳቢ ማን ነበር? ያ ክሌቬ። የተማሪውን ሐሳብ በብርጭቆ ውሃ ያፌዘበት ሰው ከ19 ዓመት በኋላ ሐሳቡን ተቀብሏል። ይህን ለክሌቬ ትልቅነት እቆጥርለታለሁ፤ ሁሉም አዛውንት ፕሮፌሰር አያደርገውም።

ታሪኩ እዚህ ቢያበቃ ለተማሪ የሚነበብ ደስ የሚል ተረት ይሆን ነበር። ግን የተበደለው ሰው ወንበሩ ላይ ሲቀመጥ ምን አደረገ? አርሄኒየስ ከሽልማቱ መጀመሪያ አንስቶ እስከ ሞተበት ቀን የፊዚክስ ኮሚቴው አባል ነበር፤ ቃሉም ከዚያ ኮሚቴ ውጭ ይሰማ ነበር። በ1906 የኬሚስትሪ ኮሚቴው አብዛኛው ሰው የንጥረ ነገሮችን ሰንጠረዥ ለሠራው ለሩሲያዊው ሜንዴሌቭ ድምፅ ሰጥቶ ነበር። አካዳሚው ግን ሽልማቱን ለፈረንሳዊው ሞይሳን ሰጠ። የሳይንስ ታሪክ ጸሐፊዎች ከዚህ ጀርባ የአርሄኒየስን እጅ ያያሉ፤ ሜንዴሌቭ የአዮን ንድፈ ሐሳቡን የሚቃወም ሰው ነበርና። ሜንዴሌቭ በየካቲት 1907 ሞተ። ሌላ ዕድል አልነበረውም። ዩኒቨርሲቲው ለአርሄኒየስ ዝቅተኛ ማዕረግ ሲሰጠው ቢያንስ ምክንያቱን ፊት ለፊት ነግሮታል።

ሌላም አለ፤ በተለይ አውሮፓ ለምንኖር ጥቁሮች ዝም ተብሎ የሚታለፍ አይደለም። በ1909 ስዊድን ውስጥ የዘር ንጽህና ማኅበር ሲቋቋም አርሄኒየስ ከቦርዱ አባላት አንዱ ነበር። በ1922 መንግሥት እዚያው ኡፕሳላ ውስጥ የዘር ባዮሎጂ ተቋም ከፈተ፤ ሠራተኞቹ በየመንደሩ እየዞሩ የሰው ራስ ቅል ይለኩ፣ ፎቶ ያነሱ፣ ሰውን በቁጥር ይመድቡ ነበር። ሳሚ የሚባሉት የሰሜን ሕዝቦች በዚህ ብዙ ተዋርደዋል። ዘመኑ እንዲያ ነበር የሚል ማስተባበያ አለ። አልቀበለውም፤ በዘመኑም የተቃወሙ ነበሩ። በተለይ እሱ፣ ጥቅሉን የሚናገር ቁጥር በውስጡ ያለውን እንደማይለይ ከማንም በላይ የሚያውቅ ሰው ነበር።

በ1905 በርሊን ልትወስደው ስትሞክር ስዊድናውያን አልለቅም ብለው የኖቤል ፊዚካል ኬሚስትሪ ተቋም ዳይሬክተር አደረጉት። በዚያው ዓመት ማሪያ ዮሃንሶንን አገባ፤ አንድ ወንድና ሁለት ሴቶች ልጆች ወለዱ። በቀሩት ዓመታት ስለ መርዝና ስለ ክትባት፣ ስለ ከዋክብት፣ ሕይወት ከሌላ ዓለም በሕዋ ተጉዞ ስለመምጣቱ ጻፈ። አንዳንዱ ቆይቷል፤ አንዳንዱ ደግሞ፣ ለምሳሌ ቬነስ ረግረግ የሞላባት እርጥብ ምድር ናት ያለው፣ ወድቋል። ጥቅምት 2 ቀን 1927 ስቶክሆልም ውስጥ ሞተ። የተቀበረው ግን ኡፕሳላ ነው።

ያ ከመጀመሪያው ትዳር የተወለደው ልጅ፣ ኦሎፍ፣ አድጎ የአፈር ኬሚስት ሆነ። ደቡብ ስዊድን ውስጥ ስኳር ድንች የሚመስለው የስኳር ቀይ ሥር በሚመረትባቸው እርሻዎች ላይ ለስኳር ኩባንያ አፈር ይመረምር ነበር። እሱ እንደ አባቱ ጥቅሉን አልለካም፤ የፈለገው ከንጥረ ምግቦቹ አንዱን፣ ፎስፌትን፣ ብቻ ነበር። እርሻውን በካርታ ላይ ሲያሰፍር ፎስፌት እጅግ የበዛባቸው ቦታዎች አገኘ፤ ገበሬው ግን እዚያ የተለየ ማዳበሪያ አልጨመረም። ሲመረመር ቦታዎቹ ከብዙ መቶ ዓመታት በፊት ሰዎች የኖሩባቸው መንደሮች ነበሩ። የከብቱ ፋንድያ፣ የምድጃው አመድ፣ የምግቡ ፍርፋሪና አጥንቱ አፈሩ ውስጥ ቀርቷል። ዛሬ የአርኪዮሎጂ ባለሙያዎች ከመቆፈራቸው በፊት ፎስፌት የሚለኩት ከእሱ ተምረው ነው።